ቢላዋ የነፈግሁትን ልጄን ክላሽ ስላስታጠቁልኝ የቀረበ ምስጋና

ለቀይ አፋፍ የምልምል ወታደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል አዛዥ
ለክቡር ኮሎኔል ሙሉሰው
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የልጄን ጤንነት ከእኔ ከእናቱ አብልጠው ስለማወቅዎ ምስጋና ማቅረብንና ጥቂት ያልገቡኝን ነገሮች መጠየቅን ይመለከታል።

ክቡር ኮሎኔል፣

ያ የቀይ አፋፍ ቁር አጥንትዎን ሳይደፍረው፣ ሹማምንትዎም ሠልጣኞችዎም አቤት ወዴት እያሉ ሲታዘዙልዎት፣ ይህ ደብዳቤ ከነመላ ቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት ያገኝዎት ዘንድ የላስታው ጻድቅ ይርዳዎ። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ይህችን “ደህና ነኝ” ያልሁትን ግን አደራዎን እንደ ምርመራ ውጤት ቆጥረው እንዳይመዘግቡብኝ፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ።

ስሜ አስቻለች ይባላል። ላሊበላ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኖቹ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ፣ አነስተኛ አልቤርጎ አለኝ፤ እንግዳ ከቀረ ወዲህ አልጋዎቹ እንዳይሻግቱ እኔው ራሴ በየተራ እየተኛሁባቸው እገኛለሁ። ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጻፍ አዲሴ አይደለም። ስለ ውኃ ጽፌአለሁ፣ ስለ መብራት ጽፌአለሁ፣ ደጄ ላይ ስለተደፋ አሸዋ ጽፌአለሁ፤ መልስ ያገኘሁት ስለ አሸዋው ብቻ ሲሆን እሱም አሸዋው ተሰርቆ ካለቀ በኋላ ነው። ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ስለ አንድ ልጄ ስለ ዘመን ነው። አስጎብኚ ነበረ፤ ከሰኔ ወዲህ የእርስዎ ሠልጣኝ ሆኗል። ከዚህ በፊት በታሸገ ፖስታ ጽፌልዎት መልስ ስላጣሁ፣ ምናልባት ፖስታው መክፈት አድክሟችሁ እንደሆነ ብዬ ይህኛውን ለሁሉም ሰው ግልጽ አድርጌዋለሁ።

ልጄ ታማሚ ነው። ይህችን ሁለት ቃል በአደባባይ መጻፍ ለአንዲት የላስታ እናት ምን ማለት እንደሆነ ክቡርነትዎ የሚያውቁት ይመስለኛል፤ ካላወቁትም ባለቤትዎን ይጠይቋቸው። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ካለፈ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለው፤ ከሌሉ ሰዎች ጋር ማውራት ጀመረ፤ አንድ ቀን ድሮ የሞቱት አባቱ ጠርተውኛል ብሎ ገደል ጫፍ ላይ ቆሞ አገኘነው። ጸበል አስጠመቅነው፣ ቀለል አለው። ከዚያ ያጠመቁት ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ ራሳቸው፣ ጸበሉንም ክኒኑንም የሰጠን አንዱ እግዜር ነው፣ ሐኪም ይየው ብለው መከሩኝና ደሴ ድረስ ወሰድሁት። ክኒን ታዘዘለት። ክኒኑን ሲውጥ ልጄ ልጄ ነው፤ ይስቃል፣ ይሳደባል፣ ወጡ ጨው በዛበት ብሎ ይነጫነጫል። ሲያቋርጠው ግን ሌላ ሰው ይሆናል።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሕመም የገባበት ቤት ወግ አለው። ስለት ያለው ነገር ሁሉ ከቤት ይወጣል፤ ማጭዱም፣ ምሳሩም፣ ቢላዋውም ጎረቤት ዘንድ በአደራ ይቀመጣል። የእኔን የያዘችልኝ ጎረቤቴ ሂንድ ናት። ሽንኩርት መክተፍ ሲያምረኝ ሽንኩርቴን በሳፋ ይዤ እሷ ቤት እሄዳለሁ፣ እዚያው እያለቀስሁ ከትፌ እመለሳለሁ። ለፋሲካ ደግሞ ዶሮዬን ሂንድ ቤት አላሳርዳት ነገር እስላም ናት፤ ስለዚህ ዶሮ ታቅፌ ቢላዋ ያለው ክርስቲያን ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር እዞራለሁ። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅብኝ። ልጄ ክፉ ሆኖ አይደለም ይህን ሁሉ የማደርገው፤ እንዲኖርልኝ ነው።

እንግዲህ እኔ የሽንኩርት ቢላዋ የነፈግሁትን ልጅ ነው እርስዎ ክላሽ ያስታጠቁት። ስለዚህ ውለታዎ ያለኝን ምስጋናና ያልገቡኝን ነገሮች፣ መሥሪያ ቤት ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ አእምሮ ጤና ምርመራው ፍጥነት አመሰግናለሁ። ዘመን ሊመዘገብ የሄደው ሳይነግረኝ ከሂንድ ልጅ ከመሐመድ ጋር ነው፤ መሐመድ ብቻውን ተመልሶ ሲመጣ ነው ጉዴን የሰማሁት። ያየውን ሁሉ እሱ አጫውቶኛል። ሚዛን ላይ አወጣችኋቸው፤ ጥርሳቸውን አያችሁ፤ ጫማ አስወልቃችሁ ውስጥ እግራቸውን መረመራችሁ፤ ዳገት አስሮጣችኋቸው። መጨረሻ ላይ ነጭ ካፖርት የለበሰ አንድ ሰው በሰልፉ ፊት እያለፈ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ሐሳብ ጭንቀት የለም አይደል እያለ ጠየቀ። ሰልፉም አንድ በአንድ “እግዚአብሔር ይመስገን” አለ። መሐመድ “አልሐምዱሊላህ” አለ። ልጄም አመሰገነ። በቃ፤ ሁሉም አእምሯቸው ጤነኛ መሆኑ ተረጋገጠ ተብሎ ተመዘገበ።

ክቡር ሆይ፣ ያ ባለ ካፖርት የላስታ ሰው ይሆናል ብዬ ለማመን በጣም ይቸግረኛል። እኛ ዘንድ ደህና ነህ ወይ ለሚል ሰው “ይመስገን” የማይል ገና አልተወለደም። አባቴ ነፍሳቸው ልትወጣ ጥቂት ሲቀራት፣ ሊጠይቃቸው ለገባው ሁሉ “ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ፣ ልጆች እንዴት ናቸው?” እያሉ ነው ያረፉት። በእናንተ መዝገብ ቢሆን ኖሮ አባቴ ዛሬም በሕይወት ነበሩ። ሰላምታ ሰላምታ ነው። እውነቱ የሚወጣው ሰላምታው ካለቀ በኋላ ነው፤ ሰውየው ይቀመጣል፣ እህል ይቀምሳል፣ ስለ ዝናቡ ስለ ከብቱ ይወራል፣ ከዚያ በኋላ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ “እንዲያው ሌላስ?” ይባላል። ያን ጊዜ ነው እንባው የሚመጣው። በሰልፍ መሐል፣ ጓደኞቹ እየሰሙት፣ ባዶ እግሩን የቆመ ጎረምሳ “አዎን ጌታዬ፣ የሞተ ሰው ያነጋግረኛል” ብሎ እንዲመልስ የሚጠብቅ መርማሪ፣ ወይ አገሩን አያውቅም፣ ወይ መልሱን አይፈልገውም። እኔ ክፉ አሳቢ ሆኜ ይሆናል እንጂ ሁለተኛው ነው የሚመስለኝ። የሚሞላ ኮታ ያለበት ሰው “እንዲያው ሌላስ?” አይልም፤ ቢል ምን ሊመጣበት እንደሚችል ያውቃላ!

መሐመድን ግን ከልብ መርምራችሁ እንደመለሳችሁት ሳልመሰክር አላልፍም። ውስጥ እግሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ተገኘ። እንደ ቋጥኝ የረጋ፣ የአምስት ሰው ጠብ ብቻውን የሚያበርድ ልጅ በእግሩ ወደቀ፤ የእኔው በእግሩ አለፈ። ሂንድ እስከ ዛሬ ድረስ በልጇ እግር አላህን ታመሰግናለች፤ እኔ ደግሞ የዘመንን ሸጋ እግር ባሰብሁ ቁጥር እረግመዋለሁ።

፪. ስለ በሩ ፍተሻ ጥንካሬ አመሰግናለሁ። ነገሩን እንደሰማሁ ክኒኑንና የደሴውን ሐኪም ወረቀት ይዤ በጋሸና በኩል ኮን ከተማ ደረስሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በእግሬ ወጣሁት። በሩ ላይ የነበሩት የሃምሳ አለቃ በጣም ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ክኒኑን ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ወደ ካምፕ አይገባም ብለው መለሱት፤ እኔንም ያልተፈቀደላት ሴት አትገባም ብለው መለሱኝ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣ ልጇን ማስመለስ የምትፈልግ እናት ሁሉ ልጄ አሞታል ትላለች አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እንዲህ የምትል እናት ሞልታለች፣ እኔም ሁለት አውቃለሁ። ታዲያ እኔን ባያምኑኝ አልቀየምም። ግን እናት የምትዋሸውን ያህል ሐኪምም ይዋሻል ብሎ መጠርጠር ምን የሚሉት ነው? የጥርጣሬዬ ነገር አያልቅምና፣ እዚያ በር ላይ የሚያስፈራው ክኒኑ ነው ወይስ ክኒኑ ሊያሳውቅ የሚችለው ነገር ነው እያልሁ መንገዱን ሙሉ ሳብሰለስል ተመለስሁ። በኋላ ልጄ በስልክ፣ ካምፑ ውስጥ የሌለው ክኒን ብቻ ነው፤ ጥይቱ እንደልብ ነው ብሎኛል።

፫. ሦስተኛውን በአጭሩ ላልፈው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

በመስከረም ወር የብልባላው ሰውአገኝ፣ ከልጄ አጠገብ ይተኛ የነበረው፣ በሳጥን ሆኖ ወደ እናቱ ወደ አመተ ጊዮርጊስ ተመለሰ። ጠመንጃ ሲወለውል ባርቆበት ነው ተባለ። ለቅሶ ደርሻለሁ። አመተ ጊዮርጊስ ቁና እህል እንኳ ማንሣት የማይችል አቅም ይዛ ሳጥኑን ካልከፈታችሁልኝ ብላ ስትታገል ያላየ ሰው፣ እግዜር ይወደዋል። ሳጥኑ እንዳይከፈት ታዝዟል ተባለ። ሊገንዙት የመጡት ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። እንግዲህ የብልባላ ልጅ ጠመንጃ ሲወለወል ያየው ገና ታዝሎ ሳለ ነው፤ ጥይቱ ሳይወጣ ጨርቅ እንደማይነካው ከ“ሀ ሁ” በፊት ይማረዋል። ድንገት አይደርስም አልልም፤ በጎበዝም ይደርሳል። እኔ አልነበርሁም፣ አላየሁም። ልክ ከሆናችሁ ግን ሳጥኑን ለምን ዘጋችሁት? “አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ” አለች አህያ።

እዚህ ላይ የሰፈራችንንም ገመና ላውጣው። “ባረቀበት” የምትለውን ቃል ያመጣችኋት እናንተ ብትሆኑም፣ እሺ ብለን የተቀበልናት እኛ ነን። በገዛ እጁ የሄደ ሰው ፍትሐት ይከለከላል ተብሎ ስለሚፈራ፣ እዚያ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ የጠረጠረውን ከንፍሮው ጋር ዋጠው። እናንተ ከጠያቂ ዳናችሁ፣ እኛ ልጁን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አሳረፍን፤ ቃሏ ለሁላችንም ተስማማችን። በኋላ ቄስ ወልደ ጊዮርጊስን ለብቻቸው ብጠይቃቸው፣ ሕመም አእምሮውን ለወሰደበት ሰው ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት አትነፍግም፣ እውነቱ ምንም ይሁን ምን መሸፋፈን ባላስፈለገ ነበር ብለው ተከዙ። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” የምንል ሕዝብ ነን፤ ተረቱን እናውቀዋለን፣ ስንደብቅም ማንም አይቀድመንም። ያቺ ቃል ሟቹን አትጎዳው ይሆናል። የምትጎዳው ከጎኑ ይተኛ የነበረውን ነው፤ ጥፋቱ የብረቱ ነው ከተባለ፣ ሌሎቹን ልጆች ተቀምጦ የሚያነጋግር ሰው ለምን ያስፈልጋል?

፬. ልጄ እሑድ እሑድ እንዲደውል በሚፈቀድለት ስልክ፣ ሰውአገኝ አሁንም ከጎኔ ይተኛል፣ ይበርደዋል፣ ብርድ ልብሴን አካፍለዋለሁ አለኝ። ይህንኑ በማግሥቱ ለቢሮዎ ደውዬ ቃል በቃል ተናገርሁ። የመለሱልኝ ሹም እጅግ ጨዋ ናቸው፤ ልጅዎ በኢላማ ተኩስ ከሻምበሉ አንደኛ ወጥቷል፣ ደስ ይበልዎት አሉኝ። ደስ ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ተቋርጧል፤ እሑድ እሑድ ስልኬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እውላለሁ።

ስለ ወጡ ጥራት፣ ስለ መኝታው ስፋት፣ ስለ ሌላም ሌላም አምስተኛና ስድስተኛ ነበረኝ፤ ተውሁት። እነዚያን ሌላ እናት ትጻፋቸው።

የምለምንዎ ነገር ብዙ አይደለም። ጠመንጃውን ለጊዜው ይቀበሉት። ክኒኑን ይስጡት። አንድ ሐኪም ከሰልፍ አውጥቶ፣ በር ዘግቶ፣ አስቀምጦ ያነጋግረው። ወታደር መሆን አይገባውም አላልሁም፤ ሐኪሙ ይችላል ካለ እኔው ራሴ ስንቁን ቋጥሬ አመጣዋለሁ። የማይችል ከሆነ ግን አብረውት የሚተኙትም የእናት ልጆች ናቸው፤ ለእነሱም ነው የምፈራው። ልጄ በሰው ልጅ ላይ እጁን ቢያነሣ በየትኛው ፊቴ የዚያን ልጅ እናት ለቅሶ እደርሳለሁ? እሱም በራሱ ላይ ቢያነሣ በሳጥን ልካችሁ “ባረቀበት” እንደምትሉኝ አውቄአለሁ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነውና፣ ቃሏን ሳትጠቀሙባት በፊት ልጄን መልሱልኝ።

ይህን ደብዳቤ አስቀድሜ ያነበብሁላቸው ዘመዶቼ ተቆጥተውኛል። ልጅሽን በአደባባይ አሳበድሽው፣ ከእንግዲህ ማን ሴት ልጁን ይድርለታል አሉኝ። እውነት ነው፣ ስሙን አጥፍቼዋለሁ። ግን ሚስት የሚያገባው የቆመ ልጅ ነው። ስሙ ይጥፋ፣ እሱ ይኑርልኝ! ድኖ መጥቶ ለምን እንዲህ አደረግሽኝ ብሎ ይጣላኝ፤ ዕድሜ ልኩን አኩርፎኝ ይኑር። ያን ኩርፊያ እንደ በረከት ነው የምቀበለው።

በመጨረሻም፣ ክቡርነትዎ እንዲህ ካለው ከባድ ኃላፊነት ላይ ጊዜ ሰርቀው የአንዲት አልቤርጎ አከራይ ጭቅጭቅ ስላነበቡ፣ ወይም አንብበው ለሚነግርዎ ሰው ስለመሩት፣ ወይም ደግሞ እንደ ቀደሙት ወንድሞቹ ሳይከፈት እንዲቀመጥ ስላዘዙለት፣ ከሦስቱ በአንዱ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለልጆችዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም ሰላማዊ እንቅልፍ እመኛለሁ።

የእርስዎ ትሑት አመስጋኝ፣ የሠልጣኝ ዘመን እናት
አስቻለች
ላሊበላ፣ ኅዳር ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለባለ ነጭ ካፖርቱ መርማሪ፤
ለብልባላዋ ለአመተ ጊዮርጊስ፣ ይቅርታ ከመጠየቅ ጋር፤
ልጁን ሸኝቶ ዝም ላለ የላስታ ሰው ሁሉ።

ከፊርማዬ በታች የታከለ፦

ክቡር ኮሎኔል፣ ፖስታን ስላላመንሁ ደብዳቤውን ራሴ ይዤ መጣሁ። ይህን የምጽፈው ከበራችሁ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ዛሬ በሩን እንዲጠብቅ ያቆማችሁት ልጄን ዘመንን ነው። ዘመኔ ብዬ ልስመው ስሮጥ አፈሙዙን ደረቴ ላይ አድርጎ አቆመኝና መታወቂያ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ስሜን ከነአባቴ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ከዚያም በትሕትና፣ ይህች ሴት እናቴ ነበረች፣ ሞታለች፣ አንቺ መታወቂያዋን ከየት አገኘሽው አለኝ። ጠመንጃው እንደጎረሰ ነው፤ እናቱ ስለሆንሁ ሳይሆን የላስታ ልጅ ስለሆንሁ ዓይቼ ዐወቅሁት። ጮኼ ሰው እንዳልጠራ ድምፄ እንዳያስደነግጠው ፈራሁ፤ ብሮጥም እንዳይተኩስ ፈራሁ፤ ቀስ ብዬ ወደዚህ ድንጋይ አፈገፈግሁ። ደብዳቤውን ፎቶ አንሥቼ ለመሐመድ ልኬለታለሁ፤ እሱ ለሚያነብ ሁሉ ያደርሰዋል። ዋናውን ግን ለበር ጠባቂው ከመስጠት በቀር ሌላ መንገድ የለኝም፤ ለአዛዡ በእጅህ አድርስልኝ ልለው ነው። ስለዚህ ይህን ወረቀት ዘርግቶልዎ ፊትዎ የቆመው ወታደር እሱ ነው። ከወረቀቱ በፊት ጠመንጃውን ይቀበሉት።